የአንድ ዲግሪ ታሪክ



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችን በተማሪ ቤት ሳለን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አይተነው፣ ፈተናውን ካለፍን በኋላ ግን ከደብተሩ ጋር ዘግተን ያስቀመጥነው ነው። ይኸውም ትሪጎኖሜትሪ በሚባለው የሒሳብ ክፍል ውስጥ የሚገኘው የሹል ማዕዘን እኩልታ ነው። ስሙ ሲጠራ ቅር የሚለው ሰው ጥቂት እንዳልሆነ እናውቃለን። ይሁን እንጂ የዛሬው አሳባችን ሒሳብ ለማስተማር ሳይሆን ታሪክ ለመናገር ነው። ይህን እኩልታ በሚገባ ለመፍታት የሰው ልጅ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ደክሟል፤ የድካሙም ታሪክ ቁጥር እየጻፈ ለሚፈርም ሰው ሁሉ የሚጠቅም ምክር አለበት።

አስቀድመን ነገሩን ባጭሩ እንግለጽ። የቤት ግድግዳ ከወለሉ ጋር የሚገጥምበት ማዕዘን ቀጤ ማዕዘን ይባላል፤ ልኩም 90 ዲግሪ ነው። ከዚህ ያነሰው ሁሉ ሹል ማዕዘን ነው። በግድግዳው ላይ መሰላል ብናስደግፍ መሰላሉ፣ ወለሉና ግድግዳው አንድ ጎነ ሦስት ይሠራሉ። መሰላሉ ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 30 ዲግሪ ከሆነ፣ መሰላሉ አጭርም ይሁን ረጅም፣ ጫፉ የሚደርስበት ከፍታ የመሰላሉ ርዝመት እኩሌታ ነው። ከፍታው ለመሰላሉ ርዝመት ያለው ንጽጽር የዚያ ማዕዘን ሳይን ይባላል። ከግድግዳው ሥር እስከ መሰላሉ እግር ያለው ርቀት ለመሰላሉ ርዝመት ያለው ንጽጽር ደግሞ ኮሳይን ይባላል። ማዕዘኑ ታውቆ ንጽጽሩ ሲፈለግ፣ ወይም ንጽጽሩ ታውቆ ማዕዘኑ ሲፈለግ፣ እኩልታ ተነሣ ማለት ነው።

ይህ ሕግ መሰላሉ አራት ሜትር ሲሆን የሚሠራውን ያህል፣ መሰላሉ ከምድር እስከ ፀሐይ የሚደርስ መስመር ቢሆንም ይሠራል። እግር ያልረገጠውን፣ ገመድም ያልደረሰበትን ርቀት በአንድ ስፍራ ቆሞ ለመለካት ለሰው ተስፋ የሰጠው ይህ ነው። ነገር ግን ተስፋው እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛ በትክክል የተለካ ማዕዘን፤ ሁለተኛ የንጽጽሮች ሠንጠረዥ፤ ሦስተኛ ሠንጠረዡ ሲጎድል ጉድለቱን የሚሞላ የአፈታት ዘዴ። ከነዚህ አንዱ በጎደለ ጊዜ የሆነውን ነገር አሁን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የምናነሣው ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው የሳሞሱ አሪስጣርኮስ ነው። ይህ የግሪክ ሊቅ ፀሐይ ከጨረቃ ይልቅ ስንት እጥፍ እንደምትርቅ ለማወቅ ፈለገ። ጨረቃ በትክክል እኩሌታዋ በርቶ እኩሌታዋ ጨልሞ በምትታይበት ሰዓት፣ ከጨረቃ ወደ ምድርና ከጨረቃ ወደ ፀሐይ የሚሄዱት ሁለት መስመሮች በቀጤ ማዕዘን ይገናኛሉ። ስለዚህ ከምድር ላይ ሆኖ በጨረቃና በፀሐይ መካከል ያለውን ሹል ማዕዘን የለካ ሰው ጎነ ሦስቱን አገኘው። አሪስጣርኮስ ይህን ማዕዘን 87 ዲግሪ አደረገው።

በዚያን ጊዜ የሳይን ሠንጠረዥ አልነበረም። ቢሆንም ሊቁ በጂኦሜትሪ ማስረጃ ብቻ እየተመራ፣ የፀሐይ ርቀት ከጨረቃ ርቀት ከ18 እጥፍ እንደሚበልጥና ከ20 እጥፍ እንደሚያንስ አስረዳ። በሠንጠረዥ ብናየው ልኩ 19 እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ ማስረጃው እንከን የለበትም። ነገር ግን እውነተኛው ማዕዘን 87 ዲግሪ ሳይሆን 89 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ያህል ነው፤ እውነተኛውም ርቀት 390 እጥፍ ያህል ነው። በማዕዘን ልክ ሦስት ዲግሪ የማይሞላ ስሕተት መልሱን ከሃያ እጥፍ በላይ አሳነሰው።

ይህ ስለ ምን ሆነ? እኩልታው የሚመለከተው 87ቱን ሳይሆን እስከ 90 የቀረውን ቅሬታ ስለ ሆነ ነው። አሪስጣርኮስ ቅሬታውን 3 ዲግሪ፣ ማለትም 180 ደቂቃ አደረገው፤ እውነተኛው ቅሬታ ግን 9 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አንድ መቶ ሰማንያ ለዘጠኝ ሲካፈል ሃያ ነው። በዓይን ሲታይ ኢምንት የሆነው ልዩነት በእኩልታው ውስጥ አልፎ ሲወጣ ሃያ እጥፍ ሆነ። ፀሐይ ከምድር እጅግ ትልቅ መሆኗን ማሳየቱ ግን እውነት ሆኖ ቀርቷል። ከዚህ የምንማረው፣ ጥሩ ስሌት መጥፎ ልክን የማያድነው መሆኑን ነው።

ከዚህ በኋላ የሠንጠረዡ ተራ ይመጣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ምዕተ ዓመት ሂጳርኮስ የሚባለው ሊቅ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ እንደ ሠራ ይነገራል፤ መጽሐፉ ግን ጠፍቷል። ወደ እኛ የደረሰው የእስክንድርያው ቀላውዴዎስ በጥሊሞስ በ150 ዓ.ም. ገደማ አልማጅስት በተባለው መጽሐፉ ያቆየልን ነው። በጥሊሞስ የለካው ሳይንን ሳይሆን አውታርን ነበር። የክብን ቅስት እንደ ደጋን ብናስብ፣ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው ቀጥ ያለ ጅማት አውታር ይባላል። እርሱም ሬዲየሱ 60 የሆነ ክብ ወስዶ፣ ከግማሽ ዲግሪ ጀምሮ በየግማሽ ዲግሪው እስከ 180 ዲግሪ ድረስ የ360 አውታሮችን ርዝመት ጻፈ።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለ አንድ እንቅፋት አጋጠመው። የ60 ዲግሪ አውታር ከስድስት ጎን ቅርጽ፣ የ72 ዲግሪ አውታር ከአምስት ጎን ቅርጽ በቀላሉ ይገኛል። ሁለቱን በማቀናነስ የ12 ዲግሪ፣ እርሱንም ደጋግሞ በመክፈል የ6፣ የ3፣ የአንድ ተኩልና የሦስት ሩብ ዲግሪ አውታር ይገኛል። የአንድ ዲግሪ አውታር ግን በዚህ መንገድ እምቢ አለ። አንድ ዲግሪ የሦስት ዲግሪ ሲሶ ነው፤ ማዕዘንን በእኩል ለሁለት መክፈል ቀላል ሲሆን ለሦስት መክፈል ግን በማስመሪያና በኮምፓስ ለሚሠራ ሰው በር የተዘጋበት ነገር ነው። በሩም በእውነት የተዘጋ መሆኑን ፒየር ዋንትዜል የሚባል ፈረንሳዊ ያረጋገጠው በ1837 ነው።

በጥሊሞስ በሩን ማስከፈት ባይችል በመስኮት ገባ። የአንድ ዲግሪ አውታር ከአንድ ተኩል ዲግሪ አውታር ሁለት ሦስተኛ እንደሚበልጥ፣ ከሦስት ሩብ ዲግሪ አውታርም አራት ሦስተኛ እንደሚያንስ አስረዳ። ሁለቱ ወሰኖች እርሱ ሊጽፋቸው በፈለጋቸው አኃዞች ልክ አንድ ሆነው ተገኙ፤ ስለዚህ በመካከላቸው ያለውን ተቀበለ። ለጊዜው በቂ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ጠለቅ ያለ ልክ ለሚሻ ሰው ሁለቱ ወሰኖች ይለያያሉ፤ ዘዴውም ከዚያ አያልፍም።

በኋላም የሕንድ ሊቃውንት ሙሉ አውታሩን ትተው እኩሌታውን መጠቀም ጀመሩ። አርያብሃታ በ499 በየ3 ዲግሪ ከ45 ደቂቃው ተለይተው የሚወጡ የ24 ግማሽ አውታሮችን ልክ ሰጠ። እነርሱ ጂያ ብለው የጠሩትን ዐረቦች ጂባ አሉት፤ ያለ አናባቢ ስለ ተጻፈም ጀይብ ተብሎ ተነበበ፤ ጀይብም የልብስ እጥፋት ማለት ስለ ሆነ የላቲን ተርጓሚዎች ሲኑስ አሉት። ዛሬ ሳይን የምንለው ቃል በዚህ ዓይነት የሦስት ሕዝቦችን ደጃፍ አልፎ የመጣ ነው።

ሠንጠረዡ ከተገኘ በኋላ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳየው አቡ ራይሃን አል ቢሩኒ ነው። በ973 በኽዋሪዝም የተወለደው ይህ ሊቅ ከጋዝናው ሱልጣን ከመሐሙድ ዘመቻ ጋር ወደ ሕንድ አገር ወርዶ ነበር። ከርሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ ኸሊፋው አል ማእሙን የምድርን ዙሪያ ለማወቅ በሲንጃር ሜዳ ላይ ሰዎች አሰማርቶ፣ የሰሜን ዋልታ ከፍታ በአንድ ዲግሪ እስኪለወጥ ድረስ እየተጓዙ መሬቱን በገመድ እንዲለኩ አድርጓል። አል ቢሩኒ ግን በምድረ በዳ ሳይንከራተት አንድ ተራራ ላይ ወጥቶ ይህን ሊፈጽም አሰበ። የመረጠውም ዛሬ በፓኪስታን ፑንጃብ ክፍል በሚገኘው በናንዳና ምሽግ አጠገብ ያለውን ተራራ ነው።

በመጀመሪያ ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ ላይ ሁለት ቦታዎች መረጠ። ከሁለቱም ቦታዎች ጫፉን የሚያሳየውን ማዕዘን ለካ፤ በመካከላቸው ያለውንም ርቀት ለካ፤ ከዚህም የተራራውን ከፍታ 652 ክንድ አገኘ። ቀጥሎ ወደ ጫፉ ወጥቶ በሩቅ ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን አድማስ ተመለከተ። ምድር ክብ ስለ ሆነች አድማሱ ከዓይኑ ትክክል ጥቂት ዝቅ ብሎ ታየው። የዝቅታው ማዕዘን 34 ደቂቃ ነበር፤ ይኸውም ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ነው።

እንግዲህ እኩልታው እነሆ። የዚህ ሹል ማዕዘን ኮሳይን፣ የምድር ሬዲየስ ለሬዲየሱና ለተራራው ከፍታ ድምር ያለው ንጽጽር ነው። ያልታወቀው ሬዲየስ በንጽጽሩ በሁለቱም ወገን ይገኛል። እኩልታው ሲፈታ፣ የተራራው ከፍታ በኮሳይኑ ተባዝቶ፣ ከአንድ ላይ ኮሳይኑ ተቀንሶ ለሚቀረው ሲካፈል ሬዲየሱ ይገኛል። አል ቢሩኒም በዚህ መንገድ የምድር ሬዲየስ 12.8 ሚሊዮን ክንድ ያህል መሆኑን ጻፈ። የርሱ ክንድ በዛሬው ሜትር ስንት እንደ ነበረ ሊቃውንት አንድ ቃል ስላልሆኑ፣ መልሱ ከዛሬው ልክ ምን ያህል እንደ ተጠጋ ቁርጥ አድርጎ መናገር አይገባም። አንድ ሰው በአንድ ተራራ ላይ ቆሞ ዓለምን ሁሉ መለካቱ ግን የሚደነቅ ነው።

ዳሩ ግን በዚህ እኩልታ ውስጥ የተሸሸገ አደጋ አለ። የ34 ደቂቃ ኮሳይን 0.99995109 ነው። ከአንድ ላይ ሲቀነስ የሚቀረው 0.00004891 ብቻ ነው። የምድር ትልቅነት በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህ ቅሬታ ላይ ነው። በተማሪ ቤት የምናውቀውን ባለ አራት አኃዝ ሠንጠረዥ ይዘን ወደ ናንዳና ብንወጣ፣ ሠንጠረዡ ኮሳይኑን አጠጋግቶ 1.0000 ይለናል፤ ቅሬታው ዜሮ ይሆናል፤ ምድርም ወሰን የሌላት ሆና ትገኛለች። አል ቢሩኒ የተሻለ ሠንጠረዥ ነበረው፤ ሆኖም ከራሱ ልኮች፣ ከ34 ደቂቃና ከ652 ክንድ ተነሥተን ዛሬ ብናሰላው መልሱ 13.3 ሚሊዮን ክንድ ያህል ይመጣል እንጂ 12.8 አይሆንም። ማዕዘኑን በመለካት አንድ ደቂቃ ብቻ ቢሳሳት ደግሞ መልሱ ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ይለወጣል። በላዩም አየሩ ብርሃንን በማጉበጥ አድማሱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ የአሪስጣርኮስ ችግር በልኩ ላይ እንደ ነበረ፣ የአል ቢሩኒ ችግር በከፊል በሠንጠረዡ የመጨረሻ አኃዞች ላይ ወደቀ።

ሠንጠረዡን ለማጥራት ደግሞ ያ በጥሊሞስን ያስቸገረው የአንድ ዲግሪ ጉዳይ ሳይፈታ መንገድ የለም። የአንድ ዲግሪ ሳይን የሠንጠረዡ ሁሉ መሠረት ነው፤ መሠረቱ ከተዛባ በላዩ የሚነባበረው ሁሉ ይዛባል። ይህን ያቃናው በሰመርቀንድ ከተማ የሠራው ጀምሺድ አል ካሺ ነው።

ሰመርቀንድን በዚያ ዘመን ያስተዳድር የነበረው በ1394 የተወለደው ኡሉግ ቤግ ነው። መስፍን ሆኖ ሳለ ከመንግሥት ሥራ ይልቅ ለከዋክብት ጥናት ያደላ ሰው ነበር። በ1420ዎቹ ዓመታት ታላቅ የከዋክብት መመልከቻ አሠራ፤ በውስጡም ሬዲየሱ 40 ሜትር ያህል የሆነ የማዕዘን መለኪያ ቅስት ከፊሉን በመሬት ውስጥ አስቀብሮ አቆመ። ያን ያህል ትልቅ መለኪያ ያስፈለገው፣ ክቡ በሰፋ ቁጥር ደቂቃዎቹ በቅስቱ ላይ ተራርቀው ስለሚታዩ ነው። ስለዚህ አሪስጣርኮስ ያጣው ትክክለኛ ልክ በዚህ ሊገኝ ቻለ። ለዚህ ልክ የሚመጥን ሠንጠረዥ የማዘጋጀት ሥራ ደግሞ የአል ካሺና የባልንጀሮቹ ሆነ።

አል ካሺ በጥሊሞስ እንዳደረገው በወሰኖች መካከል አልቆመም። እኩልታውን ፊት ለፊት ገጠመው። የሦስት ዲግሪ ሳይን በጂኦሜትሪ እንደሚገኝ ቀደም ብለን አይተናል። የአንድ ዲግሪን ሳይን ሦስት እጥፍ ወስደን፣ ከርሱ ላይ የዚያኑ ሳይን ኩብ አራት እጥፍ ብንቀንስ፣ የሦስት ዲግሪ ሳይን እናገኛለን። ኩብ ማለት ቁጥሩ በራሱ ተባዝቶ ውጤቱ እንደገና በቁጥሩ ሲባዛ ነው። ችግሩ የማናውቀው ቁጥር በአንድ ወገን ብቻውን፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከነኩቡ መገኘቱ ነው። ኩቡን ለማወቅ ቁጥሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩን ለማወቅም ኩቡን።

አል ካሺ ከዚህ አዙሪት የወጣበት መንገድ ቀላል ነው። የአንድ ዲግሪ ሳይን ትንሽ ቁጥር ስለ ሆነ ኩቡ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ኩቡን ረስቶ የሦስት ዲግሪን ሳይን ለሦስት አካፈለ። የተገኘው ቁጥር ልክ አይደለም፤ ግን ቅርብ ነው። ከዚያ ቁጥር ኩቡን አሰላ፤ አራት ጊዜ አባዝቶ ለሦስት አካፍሎ በመጀመሪያው ላይ ጨመረ። አዲስ የተሻለ ቁጥር ተገኘ። ከተሻለው ቁጥር ኩቡን እንደገና አሰላ፤ እንዲህ እያለ ቀጠለ።

እርሳስና ወረቀት የያዘ አድማጭ ሊፈትነው ይችላል። አል ካሺ ይሠራ የነበረው በስድሳ መሠረት ባለው አቆጣጠር ነው፤ እኛ ግን በዐሥርዮሽ እንጽፈዋለን። የሦስት ዲግሪ ሳይን ለሦስት ሲካፈል 0.0174453187 ነው። አንድ ጊዜ ሲታረም 0.0174523978 ይሆናል። ሁለተኛ ጊዜ ሲታረም 0.0174524064 ይሆናል፤ እስከዚህ አኃዝ ድረስም ከእውነተኛው ልክ ጋር አንድ ነው። በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ያህል ትክክለኛ አኃዞች ይጨመራሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ተረት በሒሳብ እንዲህ ሆኖ ይታያል። አል ካሺ በትዕግሥት እየደጋገመ ሄዶ የአንድ ዲግሪን ሳይን ከነጥብ በኋላ እስከ 16ኛው አኃዝ ድረስ በትክክል አገኘ። ይህንንም ያለ ማሽን፣ በእጅ ብቻ ሠራው።

የዚህን ሰው ጠባይ የሚገልጽ ሌላም ሥራ አለው። በ1424 የክብ ዙሪያ ለሬዲየሱ ያለውን ንጽጽር ባሰላ ጊዜ፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሚፈቅደውን ስሕተት ወሰነ። ስፋቱ የምድርን ስፋት ስድስት መቶ ሺህ ጊዜ የሚያህል ክብ ቢኖር፣ ዙሪያው ሲሰላ የሚፈጠረው ስሕተት ከአንድ የፈረስ ፀጉር ውፍረት እንዳይበልጥ አለ። ከዚህም ተነሥቶ ስንት አኃዝ እንደሚያስፈልገው ቆጠረ፤ እስከዚያው ድረስ ሠርቶ አቆመ። ስሕተት አልሠራም አላለም፤ የስሕተቱን ወሰን አስቀድሞ ተናገረ።

አል ካሺ በ1429 ዐረፈ። ኡሉግ ቤግም ሠንጠረዦቹን በ1437 አወጣ፤ በውስጣቸውም ሳይን በየደቂቃው ተጽፎ ይገኛል። በ1449 ግን በገዛ ልጁ ምክንያት ተገደለ። መመልከቻውም ፈርሶ ከመሬት በታች ተቀበረ፤ መሠረቱ በቁፋሮ የተገኘው በ1908 ነው። ግንቡ ሲፈርስ ቁጥሮቹ ግን በየአገሩ እየተገለበጡ ከሞት ድነዋል።

ይህ ጥበብ ወደ ገዛ አገራችን ተራሮችም መጥቷል። አንቷን ዳባዲ የተባለው ሊቅ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ ከ1838 እስከ 1848 ባለው ጊዜ ውስጥ ቴዎዶላይት ይዞ በየተራራው ጫፍ እየወጣ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ የሚታየውን ማዕዘን ይመዘግብ ነበር። ገደሉንና ሸለቆውን በገመድ መለካት በማይቻልበት አገር፣ ጎነ ሦስቶቹን በወረቀት ላይ እየፈታ የስፍራዎችን አቀማመጥ አወጣ። ውጤቱም ከ1860 እስከ 1873 በፓሪስ ታትሟል። እርሱም እንደ አል ቢሩኒ ከአየሩ ብርሃን አጉባጭነት ጋር መታገል ነበረበት።

ክቡራን አድማጮች፤ ዛሬ የሳይን ቁልፍ ያለው ትንሽ ማሽን በእጃችን አለ። ቁልፉን ስንጫን መልሱ በቅጽበት ይወጣል። ማሽኑም ቢሆን ሳይንን በቃሉ የሚያውቅ አይደለም፤ በተወሰነ አኃዝ አስጠግቶ አስልቶ ይሰጠናል እንጂ። ስለዚህ ከዚህ ረጅም ታሪክ የሚተርፈን ምክር ዛሬም አላረጀም። አንድ ቁጥር በፊታችን ሲቀርብ፣ የመሬት ስፋትም ይሁን የበጀት ሒሳብ፣ የድልድይ ከፍታም ይሁን የእህል ግምት፣ አሪስጣርኮስን አስበን መነሻው እንዴት ተለካ እንበል። አል ቢሩኒን አስበን በማጠጋጋት ምን ተጣለ፣ የተጣለውስ ትንሽ ነገር ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለበት አይደለምን እንበል። አል ካሺን አስበን ደግሞ ምን ያህል ስሕተት ተፈቅዷል፣ ይህስ አስቀድሞ ተነግሯልን እንበል።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የመለሰ ሰው በቁጥሩ ሥር ስሙን ቢጽፍ አያፍርም። ያልመለሰ ሰው ግን ስሌቱ የቱን ያህል ቢያምር፣ ፀሐይን ከቦታዋ በሃያ እጥፍ ሊያቀርባት ይችላል።

ለዛሬ ንግግራችንን በዚሁ እንፈጽማለን። ደኅና እደሩ።